ባለይዞታው ሲሰረዝ ማሳው የት ይገባል?

ለጋዜጠኝነት ተማሪ የዳታቤዝ ነገር ምኑ ነው የሚል አንባቢ አይጠፋም። መልሱ አጭር ነው። ሰነድ የምንለው ነገር ከመዝገብ ቤት መደርደሪያ ወደ ኮምፒውተር እየገባ ነው፤ እዚያ ደግሞ አንዲት ትእዛዝ ብዙ ሰነድ ልታጠፋ ትችላለች።

ካስኬድ ምንድን ነው?

ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 ባቀረበው ሐሳብ መሠረት መረጃ በሰንጠረዦች ይቀመጣል፤ ሰንጠረዦቹም በቁልፍ ይያያዛሉ። አንዱ ወላጅ፣ ሌላው ልጅ ይባላል። ወላጁ ሲሰረዝ ልጆቹም አብረው እንዲሰረዙ ማድረግ ካስኬድ ነው፤ ቃሉ በደረጃ የሚወርድ ፏፏቴ ማለት ነው። ጉና ላይ የዘነበው ዝናብ በርብና በጉማራ አድርጎ ጣና እንደሚገባ ሁሉ፣ ላይ የተሰጠው ትእዛዝም እታች ድረስ ይወርዳል።

ሃይበርኔትና ጃንጎን በመሳሰሉት ውስጥ ያለው ኦ.አር.ኤም. የሚባለው መሣሪያ የሰንጠረዡን ረድፍ በኦብጀክት መልክ ያቀርባል። ፕሮግራመሩ «ይህን ሰው ሰርዝ» ብሎ አንድ መስመር ይጽፋል፤ ከኋላ ስንት ረድፍ እንደሄደ ግን አይታየውም።

ምሳሌ ከመሬት ደብተር

በአማራ ክልል የገጠር መሬት አዋጆች፣ በ133/1998ም ሆነ እሱን በተካው 252/2009፣ ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት በሁለቱም ስም ይመዘገባል። በመጀመሪያው ደረጃ ደብተር ላይ ማሳው የሚታወቀው በአዋሳኞቹ ነው፤ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሊት እየተባለ። ይህን ለማስረዳት ያህል በአራት ሰንጠረዥ እናስቀምጠው፦ ሰው፣ ማሳ፣ ድርሻ፣ አዋሳኝ።

አንድ የፋርጣ ገበሬ ሞቱ እንበል። የመዝገብ ሠራተኛው ስማቸውን ሰረዘ። ሁሉም ግንኙነት ካስኬድ ከሆነ ሰውየው ከነማሳቸው ይጠፋሉ፤ ማሳው ሲጠፋ የሚስትየዋ ድርሻ ይጠፋል፤ የጎረቤትየውም ወሰን ምስክር ያጣል። የሞቱት አንድ ሰው ናቸው፤ የተጎዱት ግን በሕይወት ያሉት ናቸው። ሚስትየዋ ነገ «ወሰኔ ተገፋ» ብለው ቢከሱ ኮምፒውተሩ አያውቃቸውም።

ታዲያ ምን ይሻላል?

ለእያንዳንዱ ግንኙነት «ልጁ ያለ ወላጁ ትርጉም አለው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

1. ትርጉም ከሌለው ካስኬድ ይሁን። የሟቹ ስልክ ቁጥር አብሮ ቢሄድ ማንም አይጎዳም።

2. የሌላ ሰው መብት ካለበት መከልከል፣ በጃንጎ አጠራር ፕሮቴክት። ድርሻው ለወራሽ ሳይተላለፍ ስረዛው እንቢ ይላል።

3. ልጁ ራሱን ችሎ የሚቆም ከሆነ ቁልፉን ባዶ ማድረግ። የማሳው መልእክት ተቀባይ የነበረ ሰው ቢሰረዝ ቦታው ባዶ ይሆናል እንጂ ማሳው አይነካም።

4. ብዙ ጊዜ የሚሻለው ግን ጭራሽ አለመሰረዝ ነው፤ «በዚህ ቀን አርፈዋል» ብሎ ምልክት ማድረግ ይበቃል።

ጃንጎ ድሮ ዝም ከተባለ ራሱ ካስኬድ ያደርግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ከወጣው 2.0 ጀምሮ ግን ፕሮግራመሩ ምርጫውን ካልጻፈ አልሠራም ይላል። ጥሩ አድርጓል!

አንድ ጥንቃቄ አለ። ሕጉ በኦ.አር.ኤም. ብቻ ከተጻፈ ጠባቂው በአንድ በር ብቻ ቆመ ማለት ነው። ለምሳሌ በሃይበርኔት በጅምላ የሚሰርዝ ትእዛዝ በኦብጀክቱ ላይ የተጻፈውን የካስኬድ ሕግ አይከተልም። ስለዚህ ክልከላው በዳታቤዙ ቁልፍ ላይም ይጻፍ።

ለእኛስ?

ዎርድፕሬስ ተጠቃሚ ሲሰረዝ ጽሑፎቹ ይጥፉ ወይስ ለሌላ ሰው ይዛወሩ ብሎ ይጠይቃል። ቢጠፉ ጋዜጠኛው ሥራ ሲለቅ ዜናውም አብሮት ለቀቀ ማለት ነው፤ ቢዛወሩ ደግሞ የጸሐፊው ስም ይለወጣል። ስለዚህ መለያውን መዝጋት እንጂ መሰረዝ አያስፈልግም።

እንግዲህ ዘገባ ላይ ሳለን «መረጃው ከሲስተም ጠፍቷል» ስንባል ማን ሰረዘው ብለን ብቻ አናቁም። የተሰረዘው ከማን ጋር ተያይዞ ነበር፣ አብሮትስ የማን መብት ሄደ ብለንም እንጠይቅ።