ዓሣ ከውሃው ለምን ይዘላል?

ዓሣ ያለ ውሃ እንደማይኖር ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃል። እንግዲያስ በመስተዋት ገንዳ ተቀምጦ ምግቡ በየዕለቱ የሚቀርብለት ዓሣ ዘሎ ወለል ላይ ሲገኝ፥ ምን ቸግሮት ነው ከሕይወቱ ወደ ሞቱ የሚዘለው? ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። በዚህች አጭር ጽሑፍ ቤታ ስለሚባለው ዓሣ የተማርሁትንና ያየሁትን ለተከበራችሁ አንባብያን ለማስረዳት እሞክራለሁ።

የቤታ የተፈጥሮ አገሩ ቀድሞ ሲያም ትባል የነበረችው ታይላንድና አካባቢዋ ነው። የአገሩ ሰዎች «ፕላ ካት» ይሉታል፤ ትርጓሜውም «ነካሽ ዓሣ» ማለት ነው። ሁለት ወንዶች በአንድ ውሃ ሲገናኙ እስከ መቈሳሰል ይዋጋሉና። ቤታ ስፕሌንደንስ የሚለውን የሳይንስ ስም ያወጣለት እንግሊዛዊው ቻርልስ ቴት ሬጋን ሲሆን፥ ዘመኑም በአውሮጳ አቈጣጠር 1910 ነበር። በ2019 ደግሞ የታይላንድ መንግሥት ብሔራዊ የውሃ እንስሳ አድርጎ መርጦታል።

መኖሪያው ጥልቅ ባሕር አይደለም፤ የሩዝ ማሳ፥ ረግረግና ዝግ ብሎ የሚሄድ ቦይ ነው። እንዲህ ያለው ውሃ ሙቅና የቆመ ስለሆነ በውስጡ የሚገኘው ኦክሲጅን ጥቂት ነው። ስለዚህ ቤታ ከስንጥቡ በተጨማሪ ላቢሪንት የሚባል መተንፈሻ ተሰጥቶታል። ይህም ከስንጥቡ በላይ በራሱ ውስጥ የሚገኝ፥ ብዙ እጥፋት ያለውና የደም ሥር የበዛበት ክፍል ነው። ዓሣው ወደ ላይ ወጥቶ አየር ይጎርስና ኦክሲጅኑን በዚህ ክፍል ወደ ደሙ ያሳልፋል።

ይህ ነገር ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። ከደሴ በስተሰሜን በሚገኘው በሐይቅ ውስጥ የሚኖረው አምባዛ፥ አሠራሩ ቢለይም፥ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተዘረጋ የአየር መተንፈሻ አለው። ስለዚህ አምባዛ ከውሃ ወጥቶ በእርጥብ ስፍራ ብዙ ጊዜ ሲቆይ፥ የሐይቁ ጎረቤቱ ቆሮሶ ግን ፈጥኖ ይሞታል።

አሁን ወደ ዝላዩ እንመለስ። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም።

አንደኛው የተፈጥሮ ጠባዩ ነው። የሚኖርበት ኩሬ ሲጎድል ወደሚቀጥለው ለመሻገር፥ ከውሃው በላይ የሚበርን ነፍሳት ለመያዝ፥ ከሚያሳድደውም ጠላት ለማምለጥ ይዘላል። በዱር ቢዘል የሚወድቀው በሌላ ውሃ ወይም በእርጥብ ሣር ላይ ነው፤ በቤት ግን በደረቅ ወለል ላይ ይወድቃል።

ሁለተኛው ድንጋጤ ነው። በጨለማ ክፍል ድንገት መብራት ሲበራ፥ ገንዳው ሲመታ ወይም የራሱን መልክ በመስተዋቱ አይቶ ባላጋራ ሲመስለው ይዘላል።

ሦስተኛውና ዋነኛው የውሃው መበላሸት ነው። ዓሣ ከሰውነቱ የሚያስወግደው ቆሻሻ በአብዛኛው አሞኒያ ነው። የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። በሰፊ ውሃ ይህ መርዝ ይሳሳል፤ በአንድ ጠርሙስ ውስጥ ግን ይከማቻል። በቆየ ገንዳ ደቃቅ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፥ ቀጥሎም ጉዳቱ ወደሚያንሰው ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በአዲስ ገንዳ ተራብተው ሥራቸውን እስኪይዙ ድረስ ሳምንታት ያስፈልጋቸዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ቤታ አየር ስለሚተነፍስ በብርጭቆ ቢቀመጥም አይጎዳም ይባላል። እውነት ነው፥ በመታፈን ፈጥኖ አይሞትም። ነገር ግን አሞኒያ የሚያቃጥለው ስንጥቡንና ቆዳውን ስለሆነ፥ አየር መጎረሱ ከመርዙ አያድነውም። ሌላው ዓሣ በአንድ ቀን የሚሞትበትን ውሃ እርሱ ለብዙ ቀን እየተቃጠለ ይችለዋል። ዝላዩም ብዙ ጊዜ ከዚያ የመሸሽ ሙከራ ነው።

በሰፈራችን ባለ አንድ ቤት ቤታው ሦስት ጊዜ ዘሎ ወለል ላይ ተገኘ። ሕፃናቱ «ደስ ብሎት ነው የሚጫወተው» አሉ፤ አንዲት እማማ ደግሞ «የክፉ ነገር ምልክት ነው» አሉ። እኔ ግን የዘለለባቸውን ቀኖች ጠየቅሁ። ሦስቱም ጊዜ ውሃው በሙሉ በተለወጠ ማግሥት ነበር። የቤቱ እመቤት «ልጄ፥ ንጹሕ ውሃ ያግኝ ብዬ እኮ ነው፤ ጠርሙሱንም በሳሙና አጥቤዋለሁ» አሉኝ። አሳባቸው ቅን ነበር። ሆኖም ሳሙና ራሱ ለዓሣ መርዝ ነው፤ እጥበቱም ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎች ያጠፋል። በቀጥታ ከቧንቧ የተቀዳ ውሃ ደግሞ ቀዝቃዛ ነው፤ ጀርም ለመግደል የሚጨመረው ክሎሪንም ስንጥብ ይጎዳል።

ስለ ቅዝቃዜው ጥቂት ልጨምር። ቤታ የሚስማማው ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ ውሃ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ኮምቦልቻ ግን ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። አየር በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀዘቅዝ፥ በሁለቱ ከተሞች መካከል የ4 ዲግሪ ያህል ልዩነት ይኖራል። ስለዚህ ለኮምቦልቻ ዓሣ የሚበቃው ክፍል ለደሴው አይበቃውም። ቅዝቃዜ ብቻውን ዓሣውን ያደክመዋል እንጂ አያዘልለውም፤ ድንገተኛ ለውጥ ግን ያስደነግጠዋል።

እንግዲህ ዓሣ ያለው ሰው የሚከተሉትን ቢፈጽም ይጠቀማል።

1ኛ፤ ከጠርሙስ ይልቅ 15 ሊትር ወይም ከዚያ በላይ የሚይዝ ገንዳ ያዘጋጅ።
2ኛ፤ ውሃውን በሙሉ አይለውጥ፤ በየሳምንቱ ከአራት አንዱን እጅ ብቻ ይለውጥ። ገንዳውንም በሳሙና አይጠብ።
3ኛ፤ የቧንቧውን ውሃ በሰፊ ዕቃ ክፍት አድርጎ አንድ ቀን ያሳድር፤ ሙቀቱንም ከገንዳው ጋር ያስተካክል።
4ኛ፤ ገንዳውን ቀዳዳ ባለው ክዳን ይክደን። ነገር ግን በውሃውና በክዳኑ መካከል የአየር ቦታ ይተው፤ ቤታ አየር ካልጎረሰ ታፍኖ ይሞታልና።
5ኛ፤ ዓሣው ወለል ላይ ቢገኝ ሞቷል ብሎ አይጣል። ሰውነቱ እርጥብ ከሆነ ላቢሪንቱ ለጥቂት ጊዜ ሊያቆየው ስለሚችል፥ እጁን አርጥቦ በቀስታ ወደ ገንዳው ይመልሰው።

ማሳደግ የሰለቸው ሰውም ዓሣውን ወደ ቦርከና ወይም ወደ ሐይቅ እንዳይጥል አሳስባለሁ። ቆሮሶ ሐይቅ የገባው በአውሮጳ አቈጣጠር በ1978 በሰው እጅ ነው። እርሱ ለምግብ ታስቦ የገባ ነው፤ ያለ አሳብ የሚጣል ዓሣ ግን በሽታ ይዞ ሊገባ ይችላል።

በእኔ አስተያየት ከዚህ ትምህርት የሚገኘው ቁም ነገር መቻልና መመቸት አንድ አለመሆናቸውን ማወቅ ነው። ዓሣ አፍ አውጥቶ ውሃው አቃጠለኝ አይልም፤ የሚናገረው በዝላዩ ነው። ስለዚህ ዝላዩን ጨዋታ ወይም ምልክት ነው ብለን ከማለፋችን በፊት፥ በምን ቀንና ከምን በኋላ እንደዘለለ እንመርምር። በእጃችን ያለው ፍጥረት ዕድሜው የሚረዝመው እንዲህ ስናስተውል ነው።