ከቤት የሚወጣ ኢሜይል በማን በኩል ይለፍ?

ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ ቢሮዎ ወይም ቤትዎ ውስጥ የራስዎን የኢሜይል ሰርቨር ተክለዋል እንበል። ለደንበኛ የላኩት ፕሮፎርማ ይመለሳል፤ ካልተመለሰም ስፓም ውስጥ ገብቶ ማንም ሳያየው የጨረታው ቀን ያልፋል።

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የመስመርዎ አይፒ አድራሻ ነው። ለመኖሪያ ቤት የሚሰጠው አይፒ ብዙ ጊዜ ተለዋዋጭ ነው፤ መብራት ጠፍቶ ራውተሩ ሲነሳ ሌላ ቁጥር ሊይዝ ይችላል። ያንን ቁጥር ትናንት የያዘው ሰው ኮምፒውተሩ ቫይረስ ገብቶበት ስፓም ሲበትን ከነበረ፣ የጠፋው ስም ለእርስዎ ይተርፋል። እንደ ስፓምሃውስ ያሉ ተቋማትም በቀጥታ ኢሜይል ሊልኩ አይገባም የሚሏቸውን የቤት መስመሮች መዝግበው ይይዛሉ። ጂሜይል በበኩሉ እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ የላኪው አይፒ ወደ ስም የሚመራ መዝገብ እንዲኖረው ይጠይቃል። ይህን መዝገብ ማስተካከል የሚችለው አይፒውን የሰጠው ድርጅት እንጂ እርስዎ አይደሉም።

ስለዚህ ሰርቨሩ እዚያው ይቀመጥ፤ የሚወጣው ደብዳቤ ግን ስሙ በተመሰከረለት ሌላ ሰርቨር፣ ማለትም በሪሌይ፣ ይለፍ። አሠራሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1997 ከኢንተርኔት ጋር ከመገናኘቷ በፊት፣ በተመድ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን የነበረው ፓዲስኔት የአዲስ አበባን ኢሜይሎች አጠራቅሞ በስልክ መስመር ለንደን ወደሚገኘው ግሪንኔት ይልክ ነበር። ወደተቀረው ዓለም የሚሄዱት ከዚያ ነበር።

መጀመሪያ ሎጉን ያንብቡ። የተቀባዩ መልስ በ5 ከጀመረ ደብዳቤው ጭራሽ ተከልክሏል፤ በ4 ከጀመረ ሰርቨርዎ ቆይቶ ደግሞ ይሞክራል። ወደ ሁሉም ተቀባይ «ኮኔክሽን ታይምድ አውት» የሚል ከሆነ፣ ወደ ውጭ የሚያስወጣው ፖርት 25 ተዘግቶ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ሪሌይ ይምረጡ። የውጭ አገልግሎቶች ብዙዎቹ በውጭ ምንዛሪ ካርድ ስለሚያስከፍሉ፣ መጀመሪያ ዌብሳይትዎ ያለበትን ሆስቲንግ ይጠይቁ። ኢሜይል አብሮ ከተሰጠዎት በእሱ ማሳለፍ ይችሉ ይሆናል። በቀን ስንት መልእክት እንደሚፈቅድ አስቀድመው ይወቁ። የግል ጂሜይል ግን አይመከርም፤ የላኪውን አድራሻ በራሱ አድራሻ ሊተካው ይችላል።

የኢሜይል ሰርቨር ሶፍትዌርዎ ፖስትፊክስ ከሆነ ዋናው ፋይል ላይ «ሪሌይሆስት» የሚለውን መስመር ይሙሉ። የሪሌዩን ስም በአራት ማዕዘን ቅንፍ [ ] ከተው ከኋላው ፖርት 587 ይጻፉ። ቅንፉ ከቀረ ፖስትፊክስ የዚያን ስም ደብዳቤ ተቀባይ ሰርቨር ፍለጋ ይሄዳል፤ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ቲኤልኤስን ግዴታ ያድርጉ፤ የሪሌዩን ፓስወርድም ከሩት በቀር ማንም በማያነበው ፋይል ያኑሩ።

ከዚያ ወደ ዶሜይንዎ ዲኤንኤስ ይሂዱ። በዶሜይንዎ ስም ማን መላክ እንደሚችል የሚገልጸው የኤስፒኤፍ መዝገብ ሪሌዩን መጥቀስ አለበት። አንድ ዶሜይን የሚኖረው አንድ የኤስፒኤፍ መዝገብ ብቻ ስለሆነ፣ ነባር ካለ እሱው ላይ ይጨምሩ እንጂ ሁለተኛ አይጻፉ። የደብዳቤ ፊርማ ማረጋገጫ የሆነውን የዲኪም ቁልፍም ሪሌዩ በሚሰጥዎት መሠረት ያስገቡ።

ሰርቨርዎ የማያውቀውን ሰው ደብዳቤ እንዳያሳልፍ ይጠንቀቁ። «ማይኔትወርክስ» በሚለው መስመር የራስዎን ኮምፒውተሮች ብቻ ያስፍሩ። አለበለዚያ ስፓም ላኪ በእርስዎ ስም ሲልክ ያድርና ሪሌዩ ጠዋት አካውንትዎን ይዘጋል።

በመጨረሻ ወደ ጂሜይል አንድ መልእክት ልከው «ሾው ኦሪጂናል» የሚለውን ይክፈቱ። ኤስፒኤፍና ዲኪም ሁለቱም «ፓስ» ካሉ ሥራው ተሳክቷል። መብራት ቢጠፋም አይደንግጡ፤ ፖስትፊክስ ያልሄደውን ደብዳቤ እንደተለመደው እስከ 5 ቀን በወረፋ ይዞ ይሞክራል። የጨረታ ሰነድ ግን ለወረፋ አይተውም፤ ሎጉ ላይ 250 የሚል መልስ ካዩ በኋላም ለደንበኛው ደውለው መድረሱን ያረጋግጡ። 250 የሚነግርዎት ሪሌዩ መረከቡን ብቻ ነው።