ቦአ ለመግዛት ያሰበ ሰው ምን ይመርጣል?

አዲስ የተወለደ ቦአ ርዝመቱ ግማሽ ሜትር ያህል ነው፤ ገዢን የሚያሳስተውም ይኸው ነው። ቦአ ኢምፔሬተር የተባለው የመካከለኛው አሜሪካ ዝርያ እንስቷ አድጋ 2 ሜትር ገደማ ትደርሳለች፤ በመልካም አያያዝም ከ20 ዓመት በላይ ትኖራለች። እንግዲህ መመዘን ያለበት ግልገሉ ሳይሆን የነገው ትልቅ እባብ ነው።

ቦታውም ልምዱም ላነሰው ሰው የምሥራቅ አፍሪካው የአሸዋ ቦአ ይሻላል። በአገራችንም የሚገኝ ሲሆን፣ እንስቷ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ሜትር አትዘልም። ቀኑን በአሸዋ ተቀብሮ ስለሚውል ግን ሁልጊዜ ላየው ለሚል ሰው አይሆንም። ቀስተ ደመና ቦአ ቆዳው ሲያብረቀርቅ ልብ ይሰርቃል፤ ነገር ግን የአማዞንን ደን ርጥበት የለመደ ስለሆነ ለጀማሪ አልመክረውም።

ዋናው ፈተና ሙቀት ነው። እባብ የገላውን ሙቀት የሚያገኘው ከአካባቢው በመሆኑ፣ ለኢምፔሬተር የሣጥኑ አንድ ጫፍ 31፣ ሌላው 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ቢሆን እንደ ፍላጎቱ ይዘዋወራል። ሙቀቱ ካነሰ የዋጠው አይጥ ሳይፈጭ ይቀርና ይተፋዋል፤ ቴርሞስታት የሌለው ማሞቂያ ደግሞ ሆዱን ያቃጥለዋል። ስለዚህ ሣጥኑ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ሙቀቱ ለጥቂት ቀናት ይለካ፤ እባቡ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ሲሰለች ሜዳ ላይ መልቀቅ ፈጽሞ አይገባም። በአሩባ ደሴት ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታየው መጤው ቦአ የአገሩን ወፎችና እንሽላሊቶች እየበላ ተስፋፍቷል።