ለቤታችን ሶላር ስንመርጥ

ሶላር ማለት ከፀሐይ ብርሃን የሚገኝ የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። የመብራት መስመር ባልደረሰበት ቀበሌ፣ በቡሌም ሆነ በኮቸሬ፣ በወናጎም ሆነ በገደብ፣ ኩራዝን የሚተካልን እሱ ነው። ለአገራችንም አዲስ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1985 በመካከለኛው ኢትዮጵያ በአንድ የገጠር መንደር 10,500 ዋት የሚሰጥ ሶላር ተተክሎ ለ300 አባወራዎች አገልግሏል። ለ300 ብናካፍለው ለአንድ ቤት 35 ዋት ይደርሳል።

ታዲያ ገበያ ወርደን የምንገዛው ሶላር አንዳንዱ ዓመት ሳይሞላው የሚጨልምብን ለምንድን ነው? አንዱ ምክንያት የምንገዛበት ወራት ነው። ብር እጃችን የሚገባው ቡና ሲሸጥ ነው። ያን ጊዜ በጋው እየገባ ነው፤ ፀሐዩ ብርቱ ስለሆነ ደካማውም ዕቃ ደህና ያበራል። የሚፈተነው ግን በሚያዝያ ዝናብና በሐምሌ ደመና ነው። ስለዚህ ሒሳባችንን በደመናው ወራት እናስላ።

መጀመሪያ ሻጩን ከመስማታችን በፊት ቤታችን የሚበላውን እንቁጠር። ባለ 5 ዋት አምፖል 3 ቢኖረን፣ በየማታው 4 ሰዓት ቢበሩ፣ 5 ሲባዛ በ3፣ ሲባዛ በ4፣ 60 ይሆናል። ይሄ ዋት-ሰዓት ይባላል። ባለ 3 ዋት ሬዲዮ 5 ሰዓት ቢከፈት 15 ነው። ሁለት ትናንሽ ስልኮች 10 ያህል ይወስዳሉ። ድምሩ 85 ነው። እንግዳም አይጠፋምና 90 እንበለው።

አሁን ጣራ ላይ ወደሚወጣው ፓኔል እንምጣ። በደመናው ወራት ፓኔሉ በቀን ሙሉ ጉልበቱን የሚሰጠው 3 ሰዓት ያህል ነው ብለን እንያዝ። 50 ዋት በ3 ሲባዛ 150 ነው። ከዚህ ላይ በሽቦው፣ በባትሪውና በሙቀት ከአሥር እጅ አራቱ ይባክናል እንበል። 90 ይቀረናል። እንግዲህ ለዚህ ቤት የ50 ዋት ፓኔል ይበቃል ማለት ነው። በኤሌክትሪክ ምጣድ ቆጮ እጋግራለሁ የሚል ካለ ግን ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ይፈልጋል፤ 60 ፓኔል ከየት ይመጣል? ለዚያ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ይሻላል።

የፓኔሉን ጀርባ ገልብጠን እናንብብ። ፊደሉ የውጭ ቢሆንም ቁጥሩ ያው የተማርነው ቁጥር ነው። ቁጥሩን ካነበብን በኋላ ደግሞ በክንዳችን እንለካ። አንድ ክንድ በአንድ ክንድ የሆነ ጥሩ ፓኔል ከ40 እስከ 50 ዋት ይሰጣል። ደብተር የምታክል ፓኔል ላይ 50 ተጽፎ ብናይ፣ ወረቀቱ ዋሽቷል።

ገንዘባችንን ቶሎ የሚበላው ባትሪ ነው። ፀሐይ ሁለት ቀን ብትጠፋ 180 ዋት-ሰዓት ያስፈልገናል። ከባዱ የእርሳስ ባትሪ ደጋግሞ ከግማሽ በላይ ከተሟጠጠ ዕድሜው ያጥራል፤ ስለዚህ 360 የሚይዝ እንፈልጋለን። 360ን በ12 ቮልት ስናካፍለው 30 አምፔር-ሰዓት ይሆናል። ሊቲየም የሚባለው ቀለል ያለው ባትሪ ከአሥር እጅ ስምንቱን ቢሰጥም ስለማይጎዳ 20 ይበቃዋል። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ግን ብዙ ዓመት ይኖራል። ያገለገለ የመኪና ባትሪ በርካሽ አገኘሁ ብሎ መደሰት አያዋጣም። የመኪና ባትሪ የተሠራው ለጥቂት ሴኮንድ ብዙ ኃይል ሰጥቶ ሞተር ለማስነሳት ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሲታለብ ይሞታል። በፓኔሉና በባትሪው መካከል የምትገባውን መቆጣጠሪያም አንርሳ፤ ባትሪው ከመጠን በላይ እንዳይሞላና ከመጠን በላይ እንዳይሟጠጥ የምትጠብቀው እሷ ናት።

በጌዴኦ ምድር አንድ ልዩ ችግር አለብን፤ ቤታችን ያለው እንሰትና ቡና መሃል፣ ዋንዛና ብርብራ ጥላ ሥር ነው። የፓኔሉ አንድ ጥግ ብቻ ጥላ ቢያርፍበት እንኳ ኃይሉ በብዙ ይቀንሳል። ዛፉን እንቁረጠው እንዴ? የለም! ቡናችን ያለው በዚያ ጥላ ነው። በ2016 ዓ.ም. መስከረም ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት የመዘገበውም ዛፉ፣ እንሰቱና ቡናው አብረው ስለሚያድጉበት ነው። ስለዚህ ከመግዛታችን በፊት ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ጥላ የማያርፍበትን ቦታ ግቢያችን ውስጥ እንፈልግ። ጣራው ካልተመቸ ከቤቱ አጠገብ ምሰሶ እንትከል። ምሰሶው በራቀ ቁጥር ሽቦው ወፍራም መሆን አለበት፤ በቀጭን ሽቦ ኃይሉ መንገድ ላይ ያልቃል።

ፓኔሉ ወደ ደቡብ ጥቂት ዘመም ይበል፤ ዝናቡም ያጥበዋል። በበጋ አቧራና የወፍ ኩስ ሲይዘው፣ ፀሐይ ሳታሞቀው በማለዳ፣ በእርጥብ ጨርቅ እንጥረገው።