ሳይለኩ ስለ መቁረጥ
(በኢንተርኔት ለሚወጣ የወጣቶች መጽሔት ንድፍ)

ልብስ ሰፊ ጨርቁን ከመቁረጡ በፊት የባለ ልብሱን ቁመትና ወርድ ይለካል። ሳይለካ የቆረጠ እንደ ሆነ ጨርቁም ይባክናል፤ ባለ ልብሱም ያዝናል። እኔና ጓደኞቼ ሳንለካ ቆርጠን ስለ ተሳሳትን፣ ለሌሎች ትምህርት ይሆን ዘንድ ነገሩን እጽፈዋለሁ።

አሳባችን የተማሪዎችን ግጥም፣ ሥዕልና አጭር ልብ ወለድ በድረ ገጽ ማውጣት ነበር። የሠራነው ገጽ በኮምፒዩተር ሲታይ እጅግ ያማረ ነበር። ነገር ግን አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በእናቷ ሞባይል ብትከፍተው ሥዕሎቹ ሳይታዩ ቀሩ። የራሷን ሥዕል የምትልክበትንም ቦታ ፈልጋ አጣችና «ለካ ለእኛ አይደለም» ብላ ዘጋችው። መጽሔቱ የታሰበው ለእርሷ ነበርና ይህ ቃል ልባችንን ነካው።

ተጠቃሚን ያስቀደመ ንድፍ የሚባለው አሳብ፣ እ.ኤ.አ. በ1986 ዶናልድ ኖርማንና ስቲቨን ድሬፐር ባዘጋጁት መጽሐፍ በሰፊው ታወቀ። ፍሬ ነገሩ ሰው ለዕቃው ሳይሆን ዕቃው ለሰው ይስማማ ማለት ነው። ሥራውም አራት ክፍል አለው፤ ይኸውም፦

1ኛ/ ተጠቃሚው ማን እንደ ሆነና በምን ሁኔታ እንደሚጠቀም ማወቅ፤
2ኛ/ የሚያስፈልገውን ለይቶ መጻፍ፤
3ኛ/ ንድፉን መሥራት፤
4ኛ/ ከተጠቃሚው ጋር ሆኖ መፈተን ነው።

እኛ ከሦስተኛው ጀምረን በሦስተኛው ጨርሰን ነበር።

ስለዚህ እንደ ገና ጀመርን። አምስት ተማሪዎችን አንድ በአንድ ጠርተን፣ በየራሳቸው ሞባይል አንድ ሥዕል እንዲልኩ ጠየቅናቸው። እኛም «እዚህ ጋ ተጫን» ማለት እያማረን አፋችንን ይዘን ተመለከትን። ያገኘነው ስሕተት ብዙ ነበር።

መጀመሪያ፣ እያንዳንዱ ሥዕል 4 ሜጋባይት ይመዝን ስለ ነበር 12ቱ ሥዕሎች 48 ሜጋባይት ይሆኑ ነበር። እያንዳንዱን ወደ 200 ኪሎባይት ብናሳንሰው ድምሩ 2.4 ሜጋባይት ብቻ ሆነ፤ የአንባቢውም ሂሳብ ዳነ። ሁለተኛ፣ ግጥሞቹን ለውበት ሲባል እንደ ሥዕል አድርገናቸው ነበር። በሥዕል ውስጥ ያለ ፊደል ግን ለዐይነ ስውራን ጽሑፍ በሚያነብ ፕሮግራም በቀላሉ አይነበብም፤ ስለዚህ በጽሑፍ ተካናቸው። ሦስተኛ፣ ፊደላችን ደብዛዛ ግራጫ ነበርና በፀሐይ ብርሃን አይታይም። በዓለም አቀፍ መመሪያ ለተራ ጽሑፍ የፊደሉና የመደቡ የብርሃን ንጽጽር ቢያንስ 4.5 ለ1 መሆን ይገባዋል። አራተኛ፣ «ተሳትፎ» የሚለውን ቃል ማንም አልተረዳውም። «ሥራ መላኪያ» ብለን ከገጹ ራስ ላይ ብናደርገው ሁሉም አገኙት።

ከዚህም ሌላ ተማሪዎቹ ያልጠበቅነውን ጠየቁን፤ «ሥራዬ መድረሱን በምን አውቃለሁ? ስሜስ ሳልፈቅድ ይወጣልን?» አሉ። እንግዲህ ሥራ ለላከ ሁሉ የመድረሻ መልስ እንዲሰጥ፣ ስምም በባለቤቱ ፈቃድ ብቻ እንዲወጣ ደነገግን። ሞባይል የሌለውም እንዳይቀር በወረቀት የሚቀበል ሣጥን በቤተ መጻሕፍት አኖርን።

ያች ተማሪ ሥዕሏን የላከችው በሣጥኑ ነው። እኛም ከዚያ ወዲህ አዲስ ገጽ ከመሥራታችን በፊት፣ የምንሠራለትን ሰው ጠይቀን እንለካለን።