ኃይለ ቃልና ማስረጃ

ተማሪዎች፥ የአንድን አንቀጽ ዋና ሐሳብ የሚይዘው ዐረፍተ ነገር ኃይለ ቃል ይባላል። የቀሩት ዐረፍተ ነገሮች በማስረጃ ይደግፉታል። ቀጥሎ ያለውን አንቀጽ በጥሞና አንብቡ፤ ዘመኖቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«በውል የጸና የጋራ ሥራ በጎረቤታሞች ጠብ በቀላሉ አይፈርስም። ማሊ፥ ሞሪታኒያና ሴኔጋል የሴኔጋልን ወንዝ በአንድነት ለማልማት በ1972 ድርጅት አቋቋሙ። በ1978 በፈረሙት ውል መሠረት በማሊ ምድር የተሠራው የማናንታሊ ግድብ የሦስቱም የጋራ ንብረት ሆነ። በ1989 ሴኔጋልና ሞሪታኒያ ተጋጭተው ግንኙነታቸውን ሲያቋርጡ እንኳ ድርጅቱ አልፈረሰም፤ ግድቡም ውሎ አድሮ ለሦስቱም የኤሌክትሪክ ኃይል ሰጠ።»

መልመጃ

1. ኃይለ ቃሉ የትኛው ነው? የሚደግፉትን ማስረጃዎች በየተራ ጻፉ።

2. ዓባይን ስለሚጋሩ አገሮች የራሳችሁን ኃይለ ቃል መሥርታችሁ አንድ አንቀጽ ጻፉ። ስሜት ብቻውን ማስረጃ እንደማይሆን አትዘንጉ።