አጃቢ ዜማ በየትኛው በር ይግባ?

ስለ ዝማሬ አገልግሎት የተዘጋጀ ትምህርት
የሚነበብ ክፍል፦ 1ኛ ቆሮንቶስ 14፥6–19



ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ምእመናን ሲጽፍ ዋሽንትንና ክራርን ምሳሌ አድርጎ አቅርቦአል። የድምፁ ልዩነት ካልታወቀ፣ የሚሰማው ሰው ምን እንደሚዜም ሊረዳ እንደማይችል ያስተምረናል። ሐዋርያው የተናገረው ስለ ልሳን ነው፤ ምሳሌው ግን የዝማሬ አገልጋዮችን ሁሉ ይመለከታል። ዛሬ የምናጠናው ነገር ትንሽ መስሎ ይታያል፤ ይኸውም ቀድሞ የተቀዳ አጃቢ ዜማ በዲጂታል የጊታር ኤፌክት መሣሪያ በኩል ሲሰማ በየትኛው መንገድ ማለፍ እንደሚገባው ነው። ጊታር የሚመታ አንድ ወጣት ብቻ ባለበት ማኅበር፣ የቀሩት የሙዚቃ መሣሪያዎች ድምፅ ከስልክ ስለሚመጣ፣ ይህን ማወቅ ያስፈልጋል።

በአንድ የቀብር ዕለት የሆነውን እናስታውሳለን። ቤተ ሰቡ ሟቹ ሽማግሌ ይወዱት የነበረው መዝሙር እንዲዘመር ለመኑ። ኦርጋን የሚመታው ወንድም ስላልነበረ፣ ጊታር የሚመታው ወጣት አጃቢውን ዜማ በስልኩ ይዞ መጣ፤ የስልኩንም ገመድ የጊታሩ ገመድ በሚሰካበት ቀዳዳ ሰካው። የወጣው ድምፅ የታፈነና የሚያጉረመርም ነበር። ምእመናኑ ሁለት ጊዜ ጀምረው ሁለት ጊዜ ዝም አሉ። በመጨረሻም የሟቹ ባለቤት ወደ ወጣቱ ቀረብ ብለው፣ «ልጄ፣ እሱን ዝጋውና እኛው እንዘምር» አሉት። እርሱም ዘጋው፤ መዝሙሩም ተዘመረ። ወጣቱ ግን አፍሮ ለብዙ ጊዜ ጊታሩን አላነሣም። ጥፋቱ የልቡ ሳይሆን የገመዱ ነበር፤ እኛም አስቀድመን አላስተማርነውም ነበር።

1ኛ. ድምፁ ለምን ተበላሸ?

የጊታር ኤፌክት መሣሪያ የተሠራው ከጊታር ክር የሚመጣውን ደካማ ድምፅ ተቀብሎ ለማጎልበትና መልክ ለመስጠት ነው። በውስጡ የጊታር አምፕሊፋየርንና የስፒከሩን ጠባይ የሚመስል አሠራር አለ። የጊታር ስፒከር በሴኮንድ ከ5,000 ንዝረት ያህል በላይ ያለውን ድምፅ እጅግ ይቀንሳል፤ መሣሪያውም ይህንኑ ይመስላል። የሰው ጆሮ ግን ከ20 እስከ 20,000 ንዝረት ድረስ ሊሰማ ይችላል። የጸናጽል ጥራት፣ የ«ሰ» እና የ«ፈ» ፊደላትም ፉጨት የሚገኘው በአብዛኛው በከፍተኛው ክፍል ነው። ስለዚህ ሙሉ ዜማ በዚህ መንገድ ሲያልፍ ቃሉ ይታፈናል።

ደግሞም ዲስቶርሽን የሚባለው ኤፌክት ለአንድ ክር ውበት ይሰጠዋል፤ ብዙ ድምፆች አንድ ላይ ሲገቡበት ግን አዲስ ድምፅ ይፈጥራል። 300 ንዝረት ያለው ድምፅና 370 ንዝረት ያለው ድምፅ አብረው ቢገቡ፣ ድምራቸው 670 እና ልዩነታቸው 70 ተጨምረው ይወጣሉ። እነዚህን ማንም አልዘመራቸውም። ባስ፣ ከበሮና ኦርጋን ተደባልቀው ሲገቡማ ጉርምርምታው ምን ያህል እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። በመጨረሻም የጊታሩ ቀዳዳ አንድ መስመር ብቻ ይቀበላል፤ የተቀዳው ዜማ ግን ብዙውን ጊዜ ግራና ቀኝ ሁለት መስመር ስላለው፣ ከፊሉ ሊጠፋ ይችላል።

2ኛ. የተገባው በር የትኛው ነው?

በብዙ መሣሪያዎች ላይ ኦክስ ኢን የሚባል 3.5 ሚሊ ሜትር የሆነ ትንሽ ቀዳዳ ይገኛል፤ ቦስ ጂቲ-1 የተባለው መሣሪያ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። በዚህ በር የገባ ዜማ ኤፌክቶቹ ሳይነኩት ከጊታሩ ድምፅ ጋር ይገናኛል። ሌላው በር ዩኤስቢ ነው። ሂሊክስ በተባለው መሣሪያ፣ ከኮምፒዩተር በዩኤስቢ 1 እና 2 መስመር የሚመጣ ድምፅ ሳይለወጥ ወደ መውጫው ይሄዳል። 3 እና 4 ግን ለኤፌክቶቹ መግቢያ ሆነው ሊመረጡ ይችላሉ፤ ይህም ያለ ኤፌክት ለተቀዳ ጊታር ኋላ መልክ ለመስጠት ይጠቅማል። ስለዚህ አጃቢውን ዜማ በ1 እና 2 እንላክ።

በሩ ትክክል ቢሆንም መውጫውን ማየት ይገባል። ገመዱ ወደ ጊታር አምፕሊፋየር ከሄደ፣ ያመለጥነው መታፈን እዚያ ይጠብቀናል፤ ስለዚህ ወደ ሚክሰር ይሂድ። ጊታሩና አጃቢው በአንድ ገመድ ሲወጡ፣ ድምፅ የሚቆጣጠረው ወንድም ሊለያቸው አይችልም። በሚክሰሩ ላይ ባዶ መስመር ካለ፣ ስልኩን ለብቻው በዚያ መሰካት ከሁሉ ይሻላል።

ሁለት ማሳሰቢያ እንጨምራለን። አንዳንድ ቅጂ ሙዚቃውን በአንድ ወገን፣ ምት የሚቆጥረውን ድምፅ በሌላው ወገን ይይዛል፤ ሁለቱ ሳይለዩ ከተለቀቁ የቆጠራው ድምፅ በጉባኤ መካከል ይሰማል። ስልኩም አስቀድሞ ጥሪ እንዳይቀበል ይደረግ፤ በጸሎት መካከል የስልክ ጥሪ በድምፅ ማጉያ መሰማት የለበትም።

3ኛ. መጠኑ ምን ያህል ይሁን?

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1524 ዓ.ም. በጀርመን አገር የታተመው የመጀመሪያው የሉተራውያን የመዝሙር መጽሐፍ 8 መዝሙሮች ብቻ ነበሩት፤ ከእነርሱም 4ቱን የጻፈው ማርቲን ሉተር ነበር። ሉተር ራሱ በክር መሣሪያ የሚጫወትና ሙዚቃን የእግዚአብሔር ስጦታ ብሎ የሚያከብር ሰው ነበር። ዳሩ ግን የደከመው ሕዝቡ በገዛ ቋንቋው ቃሉን እንዲዘምር እንጂ መሣሪያ እንዲያደምጥ አይደለም። እንግዲህ መለኪያችን ይህ ይሁን፦ አጃቢው እየተሰማ፣ በመጨረሻው ወንበር የተቀመጠ ሰው የጎረቤቱን ድምፅ መስማት ይችላልን? ካልቻለ አጃቢውን ዝቅ እናድርገው።

ሌላም ፈተና አለ። በመዝሙሩ መካከል መብራት ቢጠፋ ምን ይሆናል? ጉባኤው ዝም ካለ፣ ሲዘምር የነበረው ስልኩ ነበር ማለት ነው። ዝማሬው ከቀጠለ ግን አጃቢው በእውነት አጃቢ ነበር። ስለዚህ በየልምምዱ አንዱን ቁጥር ያለ አጃቢ መዘመር መልካም ልማድ ነው። ገመድ ተሳስቶ የሚያፍር ወጣትም ቢኖር በትዕግሥት እናስተምረው፤ ተሳስቶ የተሰካ ገመድ ወዲያው ይነቀላል፤ ተስፋ የቆረጠ አገልጋይ ግን በቀላሉ አይመለስም።

ለጥናት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በማኅበራችን አጃቢ ዜማ የሚገባው በየትኛው በር ነው? የሚወጣውስ ወዴት ነው?
2. ባለፈው እሑድ ከሁሉ ጎልቶ የተሰማው የማን ድምፅ ነበር?
3. ወጣት አገልጋዮቻችንን አስቀድመን የምናስተምራቸው መቼ ነው?

ጸሎት፦ አቤቱ፣ እጃችንንም ድምፃችንንም ባርክ። መሣሪያችን ቃልህን እንዲያገለግል እንጂ እንዳይሸፍን ጥበብን ስጠን። ያፈሩትን አጽና፤ ዝም ያሉትንም ወደ ምስጋና መልስ። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፤ አሜን።